ቶኒ አዳምስ በ56 ዓመቱ ከጨፈረ እኔ በ27ቱ ምን ሆኛለሁ?

ቅዳሜ ማታ ነው። የምሽቱ 2፡30 ጨዋታ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውታል፤ ዲኤስቲቪ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወንበር ያጣው በቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ አብሮ አደጌ ነው፤ በሰፈራችን ቡድን እሱ በቀኝ እኔ በግራ መስመር ተከላካይ ሆነን ስንት የጨርቅ ኳስ ጨርሰናል መሰላችሁ። «ጥር ላይ ላገባ ነው፤ አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ» አለኝ። ደስታዬን በምን ልግለጽላችሁ! ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ጎል የገባ መስሎት እስኪዞር ድረስ ጮህኩ። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

«ልምምድ ከሰኞ ይጀመራል።»

«የምን ልምምድ?»

«የጭፈራ ነዋ!»

በቅርብ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ የበላ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሚዜነት ሱፍ ለብሶ ከሙሽራው ጎን መቆም ብቻ የነበረበት ዘመን አልፏል። አሁን አምስት ሚዜ ከአምስት ሴት ሚዜዎች ጋር ተጣምሮ፣ ዲጄው ቆራርጦ በቀጣጠለው ሙዚቃ አዳራሹን እየጨፈረ ይገባል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከእስክስታ ወደ ጉራጊኛ፣ ከጉራጊኛ ወደ ወላይትኛ፣ ከወላይትኛ ወደ ኦሮምኛ ይሻገርና መጨረሻው ላይ የፈረንጅ ዳንስ ይጨመርበታል። አንዱ ትከሻ ይፈልጋል፣ አንዱ እግር፣ አንዱ ወገብ። አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ በረኛም አማካይም አጥቂም ሁን እንደተባለ ቁጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላምን። በሕይወቴ ጨፍሬ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ለወላጆች ቀን እስክስታ ልንወርድ መድረክ ላይ ወጥተን ነበር። ትከሻዬ አልንቀሳቀስ አለኝና በአንገቴ ብቻ ስወዛወዝ ሕዝቡ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በሰርግ ቤት ሥራዬ የታወቀ ነው። የጨፋሪዎችን ኮት እይዛለሁ፣ ቢራ አድላለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ክለቤ ሲያገባ እዘላለሁ፤ መዝለል ግን ጭፈራ አይደለም።

ስለዚህ ዋሸሁ። «ጥር ላይ ክፍለ ሀገር ጨዋታ ልዘግብ የምሄድ መሰለኝ» አልኩት። ይሄ ልጅ ደግሞ የውድድሩን ፕሮግራም ከእኔ ከጋዜጠኛው ይበልጥ የሚያውቅ የኳስ ሱሰኛ ነው። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሳምንት ሙሉ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። እግሬ የተሰበረ ዕለት ከሜዳ እስከ ሐኪም ቤት አዝሎኝ የሄደው ልጅ ነው እኮ! ሌላ አንደኛ ሚዜ መፈለግ እንደጀመረ ከሦስተኛ ሰው ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያ ሳምንት ነው የቶኒ አዳምስን ነገር ያስታወስኩት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለመድፈኞቹ ደጋፊዎች አዳምስን ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለሌሎቻችሁ ግን፣ ዕድሜውን ሙሉ ለአርሴናል ብቻ የተጫወተ፣ በ21 ዓመቱ አምበል የሆነ፣ በ1989፣ በ1991፣ በ1998 እና በ2002 የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነ የመሐል ተከላካይ ነው። በ1998 ኤቨርተንን 4 ለ 0 ባሸነፉበት ጨዋታ ከኋላ ሰንጥቆ ወጥቶ በግራ እግሩ የመታትን ጎል የማያስታውስ የአርሴናል ደጋፊ ካለ ማልያውን ይመልስ። እንዲህም ሆኖ ሰውየው በቄንጥ አይታወቅም። ቁመት፣ ቴስታ፣ ሸርተቴ፣ ጩኸት፤ አዳምስ ማለት ይሄ ነው። ደግሞም ብዙ ያየ ሰው ነው፤ በ1996 የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናግሮ መጠጥ አቁሟል፣ በ2000 ደግሞ በሱስ የተጠቁ ስፖርተኞችን የሚረዳ ማዕከል አቋቁሟል።

ይህ ሰው በ2022 ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ በተባለው የቢቢሲ ፕሮግራም ላይ ብቅ አለ። የውድድሩ ሕግ ቀላልም ከባድም ነው። ታዋቂ ሰው ከባለሙያ ዳንሰኛ ጋር ይጣመራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በየሳምንቱ አዲስ ዓይነት ዳንስ ተምሮ ቅዳሜ ማታ በቀጥታ ስርጭት ይወዳደራል። ታንጎውን ለመድክ ስትል ሳምባ፣ ሳምባው ገባኝ ስትል ዋልዝ ይመጣል። ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ተመልካች ድምፅ ይሰጣል። አዳምስ ከካትያ ጆንስ ጋር ተጣመረ። ዳኞቹ አልራሩለትም፤ ከሰንጠረዡ ግርጌ እየወረደ በሕዝብ ድምፅ ይተርፍ ነበር። ውድድሩ ላይ እያለ 56 ዓመት ሞላው። በኖቬምበር የታፋው የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ወጣ። ከዳንስ ውድድር በሀምስትሪንግ! ተከላካይ መቼም የትም ቢሄድ ተከላካይ ነው።

እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ፒተር ሽማይክል በ2006፣ ጆን ባርንስ በ2007 እዚያው መድረክ ላይ ቆመዋል። በእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 125 ጊዜ የተሰለፈው በረኛ ፒተር ሺልተንማ በ2010 ሲገባ 61 ዓመቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ጫፍ የደረሱ ናቸው። ሰማንያ ሺህ ሕዝብ ፊት ያልተንቀጠቀጠ እግራቸው ቀጭን ጫማ ለብሶ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል ይንቀጠቀጣል። ምስሉን ስመለከት ያስተዋልኩት እርምጃቸውን አይደለም፣ ፊታቸውን ነው። እንደ አዲስ ተማሪ መታየት ያስፈራቸዋል፤ ቢሆንም ይገባሉ።

የብራዚሉ አሰልጣኝ ቲቴም አሉላችሁ። ዲሴምበር 5 ቀን 2022፣ ዶሃ ላይ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት የተጀመረውን የብራዚልና የደቡብ ኮሪያ ጨዋታ ያላየ የለም። ራፊኛ ቀደም ብሎ ለአንድ ጨዋታ እስከ አሥር የሚደርስ ጭፈራ አዘጋጅተናል ብሎ ነበር፤ እውነትም በየጎሉ ጨፈሩ። ሪቻርሊሰን ሦስተኛውን ሲያገባ ወደ ተቀያሪ ወንበር ሮጦ ሄደና የ61 ዓመቱ አሰልጣኝ ከልጆቹ መሐል ገብተው የእርግብ ዳንሱን አብረውት ሠሩ። አንገታቸው እንደ ወጣቶቹ አልታዘዘላቸውም፤ ግን ሠሩ። ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። ሮይ ኪን በቴሌቪዥን ተቀምጦ ስትሪክትሊን የማይ መሰለኝ አለ፤ ለተጋጣሚ ንቀት ነው ብሎም ተቆጣ። ቲቴ ግን የደስታ ጉዳይ እንጂ ንቀት እንዳልሆነ አስረዱ። ተጫዋቾቼ ወጣቶች ናቸው፣ የእነሱ ቋንቋ ጭፈራ ስለሆነ በቋንቋቸው ለመነጋገር እሞክራለሁ የሚል ነበር መልሳቸው። በአራተኛው ቀን ብራዚል በክሮኤሺያ በመለያ ምት ተሸንፋ ወጣችና የጨፈሩትን የሚያሾፍባቸው በዛ። እኔ ለኪን ያለኝ አክብሮት የተጠበቀ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከቲቴ ጎን ነኝ። ክሮኤሺያ ያሸነፈቻቸው ስለጨፈሩ አይደለም፣ መለያ ምት ስለሳቱ ነው።

ሮጀር ሚላን ደግሞ ማን ይረሳል? በ1990 ጣሊያን ላይ፣ በ38 ዓመቱ፣ በሬዩኒየን ደሴት ኳስ እየተጫወተ ዕድሜውን ሊገፋ ከነበረበት ተጠርቶ መጣ፤ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ አራት ጎል አስቆጥሮ በየጎሉ ኮርና ባንዲራው ጋ ወገቡን አወዛወዘ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ግን አባቴ የሚላን ጭፈራ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ተነስቶ እንደሞከረው እናቴ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

ደወልኩለት። «ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «12 ሰዓት። ስኒከር አድርግ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ልምምዱ የሙሽራው ወላጆች ግቢ ውስጥ ነው። የልብስ ማስጫ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ አንድ ስፒከር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የሰፈሩ ሕፃናት በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እየተጋፉ ያዩናል። ካታንጋ ተቀምጠው ተጫዋች የሚሳደቡት ሰዎች እንኳ ከእነዚያ ሕፃናት ይሻላሉ። አሰልጣኛችን ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት የምታንስ ልጅ ናት፤ ሁላችንም «ኮች» እንላታለን። መጀመሪያ ያዘዘችን ጭፈራ አይደለም። ከበሮውን እየሰማችሁ ዝም ብላችሁ ተራመዱ አለችን። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ዙር ሳልሄድ አስቆመችኝ።

«አንተ፣ ሰው ልታታልል ነው እንዴ የምትራመደው?»

ሁሉም ሳቀ። ልጅቷ ግን እየቀለደች አልነበረም። መስመር ተከላካይ ሆኖ ያደገ ሰው ክብደቱን በአንድ እግር ላይ ሙሉ በሙሉ አያሳርፍም፤ አጥቂው በየት እንደሚያልፍ ስለማይታወቅ ሁልጊዜ ግማሽ ግማሽ ነው የሚቆመው። እኔም ሳላውቀው ስራመድ እንዲያ ነኝ። ጭፈራ ላይ ደግሞ ክብደትህን በምቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ካልጣልከው ቀጣዩ እግር አይለቀቅም፤ ሁልጊዜ ግማሽ ምት ትዘገያለህ። ለዓመታት «ምት አይገባኝም» ስል የኖርኩት ጆሮዬ ተበላሽቶ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት በ27 ዓመቴ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ነው።

እስክስታው ላይ ስድስተኛ ክፍል ተመለሰብኝ። ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ኮች መጥታ በሁለት እጇ ትከሻዬን ወደ ታች ተጫነችና «ተንፍስ» አለችኝ። ስተነፍስ ትከሻዬ በራሱ ወረደ። ከዚያ ሙዚቃውን ዘግታ አንዱን ትከሻ ወደፊት ሌላውን ወደኋላ፣ እንደ ኤሊ ቀስ ብለን፣ እየቆጠርን አሠራችን። ፍጥነቱ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። የጀማሪ በሽታ ይሄ መሰለኝ፤ ያየነውን ፍጥነት በመጀመሪያው ቀን እንፈልጋለን። ኳስ ማንጠባጠብ የተማርነው አንድ ሁለት እያልን መሆኑን ረስተነዋል።

ጉራጊኛው ሌላ ጉድ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ጉራጊኛ የአካል ብቃት ፈተና ነው! በእግር ጣት ላይ ሆኖ ጉልበት ታጥፎ፣ እግር በፍጥነት እየተቀያየረ እጅም አብሮ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃ ተኩል ላይ ባቴ ተሳሰረ። የሙሽራዋ አጎት ስድሳውን የዘለሉ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ በአንዱ ልምምድ ላይ ሊጠይቁን መጥተው ቆመው ሲያዩን ቆዩና ጃኬታቸውን አውልቀው ገቡ። አላላባቸውም። እኔ እንደ ተቀያሪ ተጫዋች ጥጉ ላይ ጉልበቴን ይዤ ሳይ «ልጄ፣ መሬቱን አትርገጠው፣ ነካ ነካ ነው» አሉኝ። ዘጠና ደቂቃ ስሮጥ አድጌ ሦስት ደቂቃ አቃተኝ!

ወላይትኛው ሲመጣ ደግሞ አምስታችንም ወንዶች ደረቅን። ወገብ ነው የሚፈልገው። ወላይታ ውስጥ ወንዱ ያለ ምንም ሃፍረት የሚጨፍረው ጭፈራ እኛ የአዲስ አበባ ጎረምሶች ጋ ሲደርስ እርስ በርስ መተያየት ሆነ። ሙሽራው ነው ቀድሞ የጀመረው። ኮርና ባንዲራ መሰለኝ፣ መጥረጊያ አንስቶ አቁሞ እንደ ሮጀር ሚላ ዞረው፤ ከዚያ በኋላ ማን ያፍራል?

በዚያ ሰሞን ግን ያልጠበቅኩት ነገር ሕሊናዬን ወቀሰኝ። በአንዱ ምሽት ኮች ደክሟት «አንተ ደግሞ የኮንክሪት ምሰሶ ነህ» አለችኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ የጻፍኩት። ከዓመት በፊት ከተለመደ ቦታው ተነስቶ በማያውቀው መስመር ስለተሰለፈ አንድ ተጫዋች «የኮንክሪት ምሰሶ» ብዬ ጽፌ አንባቢ ወዶልኝ ነበር። ልጁ አዲስ ቦታ ሲማር፣ እግሩ ለአንድ ሥራ የለመደውን ለሌላ ሥራ ሲያስገድደው ምን እንደሚሰማው በዚያ ምሽት ነው የገባኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስታዲየም በር ላይ አገኘሁትና ነገርኩት። ሳቀ፤ «ያን ጋዜጣ እናቴ አንብባው ነበር» ብሎኝ ሄደ። ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

ዲሴምበር ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ እስትንፋስ የማይሰጥበት ወር ነው። ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ስንት ጨዋታ ይጀመራል? ስንቱን አሳለፍኩት መሰላችሁ! እረፍት ስንወጣ አምስት ሚዜ በአንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ ውጤት ያያል። ማታ ማታ ደግሞ ኮች ባዘዘችው መሠረት ለአሥር ደቂቃ ብቻዬን እለማመዳለሁ፤ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመልፋት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይሻላል ባይ ናት፤ እኔ ላይ ሠርቷል። አከራዬ በአንዱ ሌሊት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ እትዬ፣ ጉራጊኛ ነው» አልኳቸው። በማግስቱ ቡና ጠርተው እንድጨፍርላቸው ጠየቁኝ። ጨፈርኩላቸው። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ሰው እያየኝ የጨፈርኩት ያኔ ነው፤ የተመልካች ብዛት አንድ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ በር ላይ ተሰልፈን ስንቆም ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር መልበሻ ክፍል ውስጥ ሆኖ የዳኛ ፉጨት እንደመጠበቅ ነው። በሩ ተከፈተ፣ እልልታው ተቀበለን። እስክስታው በሰላም አለፈ፤ ትከሻዬ ወረደ፣ ተነፈስኩ። ወላይትኛው ላይ ሕዝቡ ተነስቶ አብሮን ሆነ። ጉራጊኛው ላይ ግን ወደ ግራ መዞር ሲገባኝ ወደ ቀኝ ዞርኩና አጣማሪዬን በትከሻዬ ገጨኋት፤ የያዘችው አበባ መሬት ወደቀ። በልምምድ ቢሆን እቆም ነበር። እሷ ግን «ቀጥል!» አለችኝ፣ አበባውን ዘለልነው፣ በሦስተኛው ምት ላይ ያዝነው። ከፊት ወንበር የተቀመጡት የሙሽራዋ አጎት በእጃቸው «ነካ ነካ» ሲሉኝ አየኋቸው።

መጨረሻ ላይ ሙሽራው መጥቶ አንገቴን አቀፈኝ። ላቡ ሸሚዜን አረጠበው። «ክፍለ ሀገር የሄድክ መስሎኝ ነበር» አለኝ በጆሮዬ። እንደሚያውቅ አውቅ ነበር፤ እንደማውቅም ያውቃል። «ጨዋታው ተራዘመ» አልኩት።

ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ከአምስቱ ሚዜ አራተኛ ነኝ፤ አምስተኛው ታሞ ነበር። ኮች ባለፈው ሳምንት ደውላ ሳልሳ ልታስተምር እንደሆነ ነገረችኝ። በስምንት ይቆጠራል፣ አራተኛውና ስምንተኛው ላይ እግር ያርፋል፤ እሷ እንዳለችው እኔን የሚከብደኝ ማረፉ ነው። ክፍሉ ቅዳሜ 12 ሰዓት ነው፤ በትክክል ጨዋታዎቹ በሚጀመሩበት ሰዓት። የሁለት ወር ከፍያለሁ። ስልኬን በንዝረት አድርጌ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ፤ ጎል ሲገባ ምቱ ይጠፋብኛል።